ወገባችን ውስጥ ያለው የፈረስ ጭራ

አማርኛ ለጅራት ስም አይሰስትም። የድመቷ ጅራት ነው፤ የበጉ ሰፊና ስብ የሞላው ላት ነው፤ የፈረሱ ደግሞ ጭራ። ላቲን ለሁሉም «ካውዳ» ብሎ ያልፋል። «የፈረስ» የሚል ቃል ተጨምሮበት «ካውዳ ኤኩዊና» ሲባል ግን ነገሩ ያለው ጋጣ ውስጥ ሳይሆን የሰው ወገብ ውስጥ ነው፤ የነርቮች ጥቅል ነው። ስሙን በማውጣት የሚታወቀው የፈረንሳዩ ንጉሥ የአራተኛው ሄንሪ ሐኪም የነበረው አንድሬ ዱ ሎራንስ ነው።

ሕብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነስቶ እስከ መቀመጫ የሚወርድ ይመስለናል። አይወርድም። አዋቂ ሰው ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያልቃል። በሦስተኛው ወር ጽንስ ላይ የአከርካሪውን ቦይ ከላይ እስከ ታች ሞልቶት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አጥንቱ በእድገት ቀደመው። ነርቮቹ የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ከአጥንቱ ጋር ወደ ታች ስለራቁባቸው፣ በራቸውን ተከትለው መርዘም ግድ ሆነባቸው።

ሽፋኑ ሲከፈት የሚታየው እንግዲህ ይህ ነው፦ ሕብሉ እንደ ጦር ጫፍ ሾሎ ያበቃል፤ ከእሱ ነጫጭ ክሮች ተንዠርግገው በፈሳሽ ውስጥ ይዋኛሉ። ሽማግሌ እጅ ላይ ያለ የዝንብ መከላከያ ጭራ ቁልቁል ተይዞ ያየ ሰው ስሙን ለማውጣት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ክር ነርቭ አይደለም። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ የአከርካሪው መጨረሻ የሆነው የጭራ አጥንት ላይ ይታሰራል። የዚያ አጥንት ስም «ኮክሲክስ» ደግሞ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ኩኩ ለምትባለው ወፍ የተሰጠ ስም ነው፤ አጥንቱ መንቁሯን ይመስላልና። የፈረስ ጭራ ወፍ መንቁር ላይ ታስሯል ማለት ነው።

ሕብሉ ቀድሞ ማለቁ ለሐኪሞች ተመችቷቸዋል። በቀዶ ጥገና የምትወልድ እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ፣ ጀርባዋን እንድታጎብጥ ትታዘዛለች። ማደንዘዣ የሚሰጣት ባለሙያ የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች አናት በጣቱ ዳስሶ በዚያ ትክክል አራተኛውን የወገብ አጥንት ያገኛል። መርፌው ከሕብሉ በታች ስለሚገባ የሚያገኘው ተንሳፋፊ ክሮቹን ብቻ ነው፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ገለል ይሉለታል።

ከቦታው የወጣ ትልቅ ዲስክ ጥቅሉን ሲጫነው ግን ገለል የሚሉበት ቦታ የላቸውም። ሽንት እንቢ ይላል፤ እግር ይዝላል፤ በፈረስ ብንቀመጥ ኮርቻው የሚነካን ቦታ ሁሉ ይደነዝዛል። ሐኪሞችም ድንዛዜውን የሚጠሩት በኮርቻ ነው፤ ጭራውን ካመጡ ወዲያ ኮርቻውን ምን ያስቀረዋል! እንዲህ ያለው ሰው ወገቤን ነው ብሎ በቅባት እየታሸ አያድርም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይወሰዳል።