ተጨማሪ መረጃ፦ ከተረከዝ የሚወሰድ የደም ጠብታ
እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሮበርት ጋትሪ ፒኬዩ የተባለውን በዘር የሚተላለፍ ሕመም፣ ከጨቅላ ተረከዝ ተወስዶ ወረቀት ላይ በደረቀ ደም መለየት የሚቻልበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ዛሬ በዚሁ መንገድ ብዙ ሕመሞች ይመረመራሉ። አንዱ አብሮ የሚወለድ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ነው። ሕፃኑ ሲወለድ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ይመስላል፤ አሳሳቹም ይኸው ነው። ምልክቱ ጎልቶ እስኪታይ ከተጠበቀ የአእምሮ እድገቱ ይጎዳል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ግን ተፈጭቶ በእናት ጡት ወተት የሚሰጥ እንክብል ከተጀመረለት አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ሕፃኑ ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላው ደሙ ከተወሰደ ምርመራው ይደገማል። ወላጆች “ልጁን መልሳችሁ አምጡት” ቢባሉ መደናገጥ የለባቸውም፤ ይህ ምርመራ የሚያጣራ እንጂ ሕመም የሚያረጋግጥ አይደለም። ቀጠሮውን ግን ለነገ ማለት አይገባም።