ቱቦ ጐራሽና ሳጥን ጐራሽ

አንባቢ ሆይ፤ እንደዚህ ያለውን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚወጣ መጽሔት እንግሊዞች «ማጋዚን» ይሉታል። ጠመንጃ ጥይቱን የሚያጠራቅምበትንም ክፍል እንዲሁ «ማጋዚን» ይሉታል። ነገሩ እንቈቅልሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሁለቱም አባት አንድ የዐረብኛ ቃል ነው፤ እርሱም «መኽዘን»፥ ማከማቻ ማለት ነው። እኛ «መጋዘን» የምንለው ከዚያው ምንጭ በጣልያንኛ በኩል የመጣ ሲሆን፥ ጠመንጃ ያዦች ጥይት ማኖሪያውን የሚጠሩበት «ካዝና» የተባለው ቃልም የዚያው ሥር ዘመድ ነው።

ያገራችን ሰው ስለ ጠመንጃ ሲናገር የማዕድ ቋንቋ ይጠቀማል። ጠመንጃ ጥይት «ይጐርሳል»፤ ስሙም «አምስት ጐራሽ»፥ «ዐሥር ጐራሽ» ይባላል። አያቶቻችን ይዘውት የነበረው ውጅግራ ግን ካዝና አልነበረውም፤ በተተኰሰ ቍጥር አንድ አንድ ጥይት ማጕረስ ግድ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የምንመለከተው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጠመንጃን እየጠቀለሉ በጕርሻ በጕርሻ መመገብ ይሻላል? ወይስ መሶቡን እንዳለ አንሥቶ ማቅረብ? ክርክሩ የሚጦፈው በአሜሪካ፥ ሾትገን በሚባለው የአደን ጠመንጃ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሾትገን በአንድ ተኵስ ብዙ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ የሚረጭ ጠመንጃ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ ፓምፕ ይባላል። ተኳሹ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ኋላ ሲስበው ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ወደ ፊት ሲገፋው አዲስ ጥይት ይገባል። ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፈው የ1897ቱ ዊንቸስተር በዚህ ሥራው እጅግ የታወቀ ነበር። አሜሪካኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይህን ጠመንጃ ይዘው ፈረንሳይ አገር ምሽግ ውስጥ ስለ ገቡ፥ የጀርመን መንግሥት በመስከረም 1918 መደበኛ ተቃውሞ እስከ ማቅረብ ደረሰ፤ አሜሪካ ግን አልተቀበለችውም። በ1950 የወጣው ሬሚንግተን 870 ደግሞ እስከ 2009 ድረስ 10 ሚሊዮን ያህል ተሠርቷል። ሁለቱም ጥይታቸውን የሚያኖሩት ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ነው።

ቱቦ ቀድሞ በጦር ጠመንጃም ላይ ነበር። ፈረንሳይ በ1886 ያወጣችው ሌበል በቱቦው 8 ጥይት ይይዝ ነበር። ችግሩ የመጣው ጥይት ሹል በሆነ ጊዜ ነው። በቱቦ ውስጥ ጥይቶች አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋሉ፤ የኋለኛው አፍንጫ የፊተኛውን መቀመጫ ይነካል፤ በመቀመጫው መካከል ደግሞ ሲመታ እሳት የሚጭረው ክፍል አለ። ሹል ጫፍ እዚያ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ፈረንሳዮች በ1898 ሹል ጥይት ሲያወጡ ጫፉን ተቀብሎ የሚያሳርፍ ክብ ቦይ በቀለሁ መቀመጫ ላይ ለመቅረጽ ተገደዱ። ሌሎች ግን ጥይቶቹን አንዱን ባንዱ ላይ የሚደረድረውን ሳጥን መረጡ። ጄምስ ፓሪስ ሊ በ1879 ተነቃይ ሳጥን በስሙ አስመዝግቦ ነበርና፥ የጦር ጠመንጃ ካዝና ወደዚያው አመራ።

ታዲያ ሾትገን ስለምን በቱቦው ጸና? መልሱ ያለው በጥይቱ መልክ ነው። የሾትገን ጥይት አፍንጫው ድፍን እንጂ ሹል አይደለም፤ ስለዚህ በሰልፍ ቢቆም ጎረቤቱን አይወጋም። ባንጻሩ መቀመጫው ዙሪያውን ከንፈር አለው፤ በሳጥን ቢደረደር አንዱ ከንፈር ከሌላው ጋር ሊያያዝ ይችላል። ገላው ፕላስቲክ ስለ ሆነ በሳጥን ውስጥ በሞላ ጕልበት ባለው ጸደይ ተጭኖ ብዙ ጊዜ ቢቆይ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል። ውፍረቱም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና፥ 10 ጥይት ባንድ መስመር ቢደረደር ከጠመንጃው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ይንጠለጠላል።

ይህም ሆኖ በ2018 ሬሚንግተን 870ን፥ ሞስበርግም 590ን በተነቃይ ሳጥን አድርገው ለገበያ አቀረቡ። የሬሚንግተን ሳጥን 6 ጥይት፥ ከሞስበርግ ሳጥኖች ትልቁ 20 ይይዛል። ጥቅሙን መካድ አይገባም። ባዶውን ነቅሎ ሙሉውን ለመትከል ጥቂት ሰኮንድ ይበቃል፤ የጥይት ዓይነት ለመለወጥም ሳጥን መለወጥ ብቻ ነው። የቱቦ ወገኖችም የሚሉት አላቸው፤ ጠመንጃው ቀጭንና ለመሸከም የሚመች ነው፤ ጥይት ሲጐድል በኪስ ካለው አንድ ሁለት መጨመር ይቻላል፤ የሚጠፋ ወይም ቤት የሚረሳ ሳጥን የለም። ዳክዬ ለሚያድን አሜሪካዊ ደግሞ የሳጥኑ ትልቅነት አይረባውም፤ ስደተኛ ወፍ በሚታደንበት ጊዜ ጠመንጃው ከ3 ጥይት በላይ እንዳይይዝ ከ1935 ጀምሮ በሕግ ተወስኗልና፥ አዳኙ በቱቦው ውስጥ በትር ከትቶ ያጠበዋል።

ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ከፍጥነቱና ከብዛቱ ይልቅ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሳጥኑን የነቀለ ሰው «ጠመንጃው ባዶ ነው» ብሎ ያምናል፤ መሶቡ ተነሥቷልና። የጐረሰው ግን በአፉ ነው! ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም አንድ ጥይት በአፈሙዙ ሥር፥ በመተኰሻው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። የቱቦውም ማታለል ሌላ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ባዶውና ሙሉው አይለይም። «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ልጅን ወይም ወንድምን የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ሕጉ አንድ ነው፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ማዞር፥ ጣትን ከምላጩ ማራቅ፥ ካዝናውን ባዶ ማድረግ፥ ከዚያም እጀታውን ስቦ ከፍቶ ውስጡን በዓይን ማየትና በጣት መዳሰስ። «አሁን አይቼዋለሁ» ብሎ የሚያቀብልዎት ወዳጅዎ ቢሆንም እንኳ፥ እርስዎም ራስዎ ይክፈቱና ይመልከቱ፤ አይቀየምም።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? ሳጥን አዲስ ስለ ሆነ አይመሰገንም፤ ቱቦም አሮጌ ስለ ሆነ አይናቅም። ለሹሉ ጥይት ሳጥን ተስማማ፤ ለድፍኑ ቱቦ ተስማማ፤ በ2018 የመጣው ሙከራም ቱቦውን ከገበያ አላስወጣውም። አንድ ዕቃ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት «መቼ ወጣ?» ሳይሆን «ምን ይይዛል? ለምንስ ሥራ?» የሚለው ነው። ከሁሉ በፊት ግን፥ የትኛውም ቢመረጥ፥ በአፉ የቀረ ጕርሻ እንዳለ ይመርመር።