ገንዘብ ለመላክ ቁልፉን ሲነኩ ከጀርባ ምን ይከናወናል?

ናይሮቢ ውስጥ ከአትክልት ሻጭ እስከ ማታቱ ተብሎ የሚጠራው ታክሲ ረዳት ድረስ በስልክ ክፍያ መቀበል የተለመደ ነው። ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳን በአውሮፓውያኑ 2007 ካስጀመረ ወዲህ ስልክ የኬንያውያን የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ሆኖም አንዲት አሃዝ ከተሳሳተች ገንዘቡ ወደማያውቁት ሰው ሊሄድ ይችላል።

ለዚህም ሲባል «ሃኪኪሻ» የተባለ አሠራር ተዘርግቷል። ቃሉ በስዋሂሊ «አረጋግጥ» ማለት ነው። ገንዘቡ ከመተላለፉ በፊት የተቀባዩ ስም ለላኪው ይታያል፤ ስሙ ካልሆነለት ለማስቆም ጥቂት ሰከንዶች ይሰጠዋል። ከተላለፈ በኋላ ደግሞ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይደርሰዋል። ተሳስቶ ከላከም መልዕክቱን ወደ 456 በመላክ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

ይህ «በፊት» እና «በኋላ» የሚባለው ነገር የሶፍትዌር ባለሙያዎች የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው።

አንዱ ጥበቃ ለሁሉም ክፍል

ተጠቃሚው አንድን ቁልፍ ሲነካ ፕሮግራሙ ድርጊቱን እንደ «ክስተት» ይቆጥረዋል፤ ለዚያ ክስተት ምላሽ የሚሰጥ ኮድም አለ። ማጣሪያውን በእያንዳንዱ ቁልፍ ኮድ ውስጥ ደጋግሞ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን በርካታ ቁልፎች ባሉት መተግበሪያ ውስጥ አንዱን መርሳት ብቻ ለአደጋ ይዳርጋል።

የናይሮቢ ሕንጻዎች መፍትሔውን ያሳያሉ። በየክፍሉ በር ላይ ጠባቂ አይቆምም፤ በዋናው መግቢያ ያለው ጥበቃ እንግዳውን ሲገባ ይመዘግባል፣ ሲወጣም ያረጋግጣል። ፕሮግራመሮችም እንዲሁ ምላሽ ሰጪውን ኮድ በሌላ ኮድ ይጠቀልሉታል። ጠቅላዩ አስቀድሞ ፈቃድን ያጣራል፣ ሁለት ጊዜ እንዳይነካም ቁልፉን ይቆልፋል። ዋናው ሥራ ሲያልቅ ውጤቱን ይመዘግባል፣ ቁልፉንም መልሶ ይከፍታል።

በድረ ገጽ ላይ ይህ ቅደም ተከተል በደረጃ የተደነገገ ነው። በ2000 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ጥምረት ሰነድ እንደሚገልጸው፣ ክስተቱ ከገጹ አናት ተነስቶ ወደ ቁልፉ ይወርዳል፤ ብዙዎቹ ክስተቶች ከዚያ ተመልሰው ወደ ላይ ይወጣሉ። በመሆኑም ከላይ የተቀመጠ አንድ ኮድ ከቁልፉ ኮድ በፊትም ሆነ በኋላ ሊሠራ ይችላል።

ስህተቱ የሚፈጠረው የት ነው?

የመጀመሪያው ወጥመድ ውድቀትን መዘንጋት ነው። ዋናው ሥራ መሃል ላይ ከተቋረጠና ተከታዩ እርምጃ ካልተፈጸመ ቁልፉ እንደተቆለፈ ይቀራል። ስለዚህ ተከታዩ እርምጃ ሥራው ቢሳካም ባይሳካም መፈጸም አለበት።

ሁለተኛው መቸኮል ነው። ኮዱ ጥያቄውን ወደ ኔትወርክ ልኮ ወዲያው ይመለሳል፤ ይህ ግን ገንዘቡ ደርሷል ማለት አይደለም። ተከታዩ እርምጃ የሰርቨሩን ምላሽ ካልጠበቀ ያልተፈጸመውን «ተፈጽሟል» ብሎ ያበስራል፤ ወይም ቁልፉን ቀድሞ ከፍቶ ለሁለተኛ ክፍያ በር ይከፍታል።

ሦስተኛው በስልኩ ላይ ብቻ መተማመን ነው። በስልክ የሚደረግ ማጣሪያ ሊታለፍ ስለሚችል ሰርቨሩም ራሱ ማጣራት ይኖርበታል። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ካለው፣ ተደግሞ የመጣን ጥያቄ ለይቶ ማስቀረት ይችላል።

ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2023 በኢትዮጵያ ሥራ ጀምረዋል። ጉዳዩ እንግዲህ የናይሮቢ ብቻ አይደለም። ተጠቃሚውም የራሱ ድርሻ አለው፦ ከመላኩ በፊት ስሙን ማንበብ፣ ምላሽ ሲዘገይም እንደገና ከመላኩ በፊት ቀሪ ሂሳቡን መመልከት።