በደረቅ አበሳ እርጥብ እንዳይነድ

ሽብር ማለት ንጹሕ ሰው ገድሎ ሕዝብንና መንግሥትን በፍርሃት ለማንበርከክ የሚደረግ ክፉ ሥራ ነው። አገራችንም ይህን መከራ ቀምሳዋለች። በ1988 ዓ.ም በአዲስ አበባ በግዮንና በዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ቦምብ ፈንድቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ስለዚህ መንግሥት ሕዝቡን መጠበቅ ግዴታው መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ወንጀለኛውን ሲፈልግ ንጹሑን እንዳይጎዳ መጠንቀቅም ግዴታው ነው።

በ2001 ዓ.ም የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ። የአዋጁ ቃል ሰፊ ነበር፤ ቦምብ የሚጥለውን ብቻ ሳይሆን፥ ሽብርን ያበረታታል ተብሎ ሊታሰብ የሚችል ነገር ያሳተመውንም ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣ ነበር። በተለመደው ሕግ ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ቀጠሮ በያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ በዚህ አዋጅ ግን ከ28 ቀን አያንስም፥ በጠቅላላውም እስከ 4 ወር ይደርስ ነበር።

አዋጁ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንዳስከተለ ከሰፈራችን ከ18 ማዞሪያ ብዙ በማይርቀው በአወልያ ትምህርት ቤት ታሪክ እንመልከት። በ2004 ዓ.ም የአረብኛ መምህራን ከዚያ በመባረራቸው ተቃውሞ ተነሣ። ሙስሊሞቹ የጠየቁት አሕባሽ የተባለው አስተምህሮ በግድ እንዳይጫንባቸው፥ የመጅሊስ መሪዎችን ራሳቸው እንዲመርጡ፥ አወልያም በነፃ ቦርድ እንዲተዳደር ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ያዛል። ሆኖም በዚያው ዓመት በሐምሌ ጥያቄውን ያቀርቡ የነበሩት የኮሚቴ አባሎች ታሰሩ። ዐቃቤ ሕግ እስላማዊ መንግሥት ሊያቋቁሙ አሲረዋል ሲል፥ ተከሳሾቹ የጠየቅነው የሃይማኖት ነፃነት ነው አሉ። በ2007 ዓ.ም 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ዓ.ም ድረስ በየጊዜው ተፈቱ።

ጉዳቱ ግን በታሰሩት ላይ ብቻ አልቀረም። ክሱ ገና በፍርድ ቤት ሳለ፥ በ2005 ዓ.ም፥ ተከሳሾቹን ከአሸባሪዎች ጋር የሚያያይዝ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። እንዲህ ያለ ነገር ጎረቤትን ከጎረቤት ያጠራጥራል፤ ለጸሎት የሚሰበሰበውም ሰው ምን ይሉኝ ይሆን ብሎ እንዲሰጋ ያደርገዋል።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በጥር 2009 ዓ.ም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሽብርን ለመከላከል በሚል የ7 አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ አገዱ፤ አገሮቹ አብዛኛው ሕዝባቸው ሙስሊም ሲሆን ሶማሊያም አንዷ ነበረች። ከአልሸባብ ሸሽተው በኢትዮጵያ መጠለያ ሆነው ጉዞ የሚጠባበቁ ሶማሌዎች መንገዳቸው ተዘጋ። እነሆ፥ ከሽብር የሸሸው ሰው በሽብር ተጠርጥሮ ቀረ! እገዳው በ2013 ዓ.ም ቢነሣም፥ በ2017 ዓ.ም ሶማሊያን የሚጨምር ሌላ እገዳ ወጥቷል።

ስሕተት ግን ሊታረም ይችላል። በ2012 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 652 ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ፤ አዲሱም ሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባ እንደ ሽብር እንዳይቆጠር ደንግጓል። በዚያው ዓመት የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

አንባቢ ሆይ፥ አባቶቻችን «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ይላሉ። ሕግ ሰውን በሠራው ሥራ እንጂ በሚሰግድበት ቦታ ወይም በተወለደበት አገር ሊመዝነው አይገባም። እኛም በየሰፈራችን እንደዚሁ ብናደርግ፥ ሊያፋጀን የሚመጣ አሸባሪ የሚገባበት ቀዳዳ ያጣል።