መንገድ ግድብ ሲሆን፦ በአቃቂ ቃሊቲ ጥቁር አፈር ውስጥ ስለሚቀበሩ የኮንክሪትና የብረት ቱቦዎች

አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀች ከተማ ናት። የእንጦጦ ሸንተረር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ሲልቅ፣ በደቡብ ጫፍ የሚገኘው የአቃቂ ሜዳ ግን ከ2100 ሜትር ብዙም አይርቅም። በመሆኑም በክረምት የሚወርደው ዝናብ፣ መሬት ከመጠጠው የተረፈው፣ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞችና በገባሮቻቸው እየተሰበሰበ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማን አቋርጦ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል።

ይህን የውሃ ጉዞ በአግድም የሚያቋርጥ መንገድ ሁሉ፣ ሠሪዎቹ አሰቡትም አላሰቡትም፣ ግድብ ነው። ከአካባቢው መሬት 1 ወይም 2 ሜትር ከፍ ብሎ የተጠቀጠቀ የአፈር ሙሌት ከላይ የመጣውን ጎርፍ ያቆመዋል። የቆመው ውሃ በመንገዱ የላይኛው ወገን ወዳሉ ቤቶች ይገባል፤ ወይም ከፍ ብሎ በመንገዱ አናት ላይ ይፈስና የታችኛውን ትከሻ እየሸረሸረ ሙሌቱን ይንዳል። እንዲህ እንዳይሆን በመንገዱ ሥር ለውሃው በር ይተውለታል። ይህ በር በባለሙያዎች ዘንድ ከልቨርት፣ በሕዝቡ ዘንድ ደግሞ በአጭሩ ቱቦ ይባላል። ከኮንክሪት ወይም እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሸንተረር ካለው ብረት ይሠራል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ዘወትር የሚነሳ ቢሆንም፣ ከእርሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ በሩ ምን ያህል ይስፋ?

በምሳሌ እንየው። ከመንገዱ በላይ 30 ሄክታር የእርሻ መሬት አለ እንበል፤ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ኃይለኛ ዝናብም ይጥላል። ሁሉም ዝናብ ቢፈስ ኖሮ ከዚህ መሬት በየሰከንዱ 5 ሜትር ኩብ ውሃ ይመጣ ነበር። ሆኖም ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ከፊሉን ስለሚያስቀር የሚፈሰው ድርሻ 0.3 ገደማ ነው ብንል 1.5 ሜትር ኩብ እናገኛለን። ያው 30 ሄክታር ቤት ተሠርቶበት፣ ግቢው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ሲለብስ ድርሻው ወደ 0.8 ያድጋል፤ ፍሰቱም 4 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይሆናል። ዝናቡ አልጨመረም፤ ሰማዩም አልተለወጠም። በአቃቂ ቃሊቲ ባለፉት አሥርት ዓመታት የሆነው ይኸው ነው፤ ማሳው ሰፈር ሆነ፤ ብዙ ቦታ ግን ከሥር የተቀበረው ቱቦ ለማሳው የታሰበው ነው።

የዝናቡን መጠን የሚመርጠውም የንድፍ ባለሙያው ነው። በወቅቱ ባለሥልጣን ይባል የነበረው የአገሪቱ የመንገዶች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2013 የውሃ ማፋሰሻ ንድፍ መመሪያዎችን አውጥቷል፤ እንዲህ ባሉ መመሪያዎች መሠረት ቱቦ የሚነደፈው ለምሳሌ «በ10 ዓመት አንድ ጊዜ» ለሚጠበቅ ዝናብ ነው። ይህ አባባል ብዙዎችን ያሳስታል። በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው ማለት እንጂ ዝናቡ ቀጠሮ ያከብራል ማለት አይደለም። ያለመድረስ ዕድሉን፣ ማለትም 0.9ን፣ አሥር ጊዜ በራሱ ብናባዛ 0.35 ስለምናገኝ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 65 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ቱቦው እንግባ። አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል። በእርሱ መሠረት ሞልቶ የሚፈስ ክብ ቱቦ የሚያሳልፈው ውሃ ከተዳፋቱ ካሬ ሥር ጋር፣ እንዲሁም ከዲያሜትሩ ጋር ወደ 8/3 ኃይል ከፍ ብሎ ያድጋል። ይህ ቁጥር ሊታለፍ አይገባም። ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲያድግ የአፉ ስፋት 4 ጊዜ ይጨምራል፤ ፍሰቱ ግን 6 ጊዜ ከሲሶ ያህል ይጨምራል፤ በትልቅ ቱቦ ውስጥ ከግድግዳው ጋር የሚታከከው ውሃ ከጠቅላላው አንጻር ጥቂት ነውና። እንግዲህ አንድን ባለ 1 ሜትር ቱቦ በሁለት ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ቱቦዎች ተክቼ ገንዘብ ቆጠብሁ የሚል ሰው የውሃውን መንገድ ከሲሶ በታች አድርጎታል፤ ለመተካት 6 እንኳ በቅጡ አይበቁትም።

ስሌቱ የግድግዳውን ሻካራነትም ይጠይቃል። ለኮንክሪት መለኪያው 0.013፣ ለሸንተረራማ ብረት ደግሞ 0.024 ገደማ ነው። በ100 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ ባለ 1 ሜትር የኮንክሪት ቱቦ በሰከንድ 2.4 ሜትር ኩብ ሲያሳልፍ፣ በስፋት እኩያው የሆነው የብረት ቱቦ 1.3 ብቻ ያሳልፋል። ኮንክሪት አሸነፈ ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው። ውሃው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በአፉ በኩል መጨናነቅ አለበት። ውሃው ከቱቦው ወለል 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቆም፣ ማለትም ከአፉ መሐል 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ በቶሪቼሊ ሕግ ፍጥነቱ 4.4 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ጅረቱ በአፉ ላይ ስለሚኮማተር 0.6 ያህሉን ብንወስድ 2.1 ሜትር ኩብ እናገኛለን። ውስጡ እንደ መስተዋት ቢለሰልስም ይህ አፍ በዚህ ከፍታ ከ2.1 አያስገባም። ከአፉና ከሆዱ ያነሰው ይገዛል። በሰፈሩ ከሚመጣው 4 ሜትር ኩብ ላይ 2.1 ሲቀነስ 1.9 ይተርፋል፤ ይህ በ10 ደቂቃ ውስጥ 1140 ሜትር ኩብ ነው። በግማሽ ሄክታር ላይ ቢተኛ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ብዙ ቤቶች ደጃፋቸው ከዚህ ዝቅ ያለ ነው።

ልስላሴ የራሱ ዕዳም አለው። በኮንክሪቱ ውስጥ ውሃው በሰከንድ 3 ሜትር ሲሮጥ በብረቱ ውስጥ 1.7 አይሞላም። የመሸርሸር ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ከኮንክሪት ቱቦ የሚወጣው ውሃ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ይዞ ይወጣል። በመውጫው በኩል የድንጋይ ንጣፍ ካልተደረገ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ቱቦው ከጫፉ ጀምሮ ይንጠለጠልና ይሰበራል።

ከጭነት አንጻር ደግሞ ሁለቱ ቱቦዎች የተለያየ ጠባይ አላቸው። ኮንክሪት ግትር ነው። ከላይ አፈርና መኪና ሲጫነው ጣሪያውና ወለሉ በውስጥ በኩል ይወጠራሉ። ኮንክሪት ግፊትን እንጂ ውጥረትን አይችልም፤ አቅሙ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ፌሮ የሚገባበት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ አዮዋ ማርስተን የተባለው መሐንዲስ በቦይ ውስጥ የተቀበረ ቱቦ የሚሸከመው ጭነት በአፈሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን በአፈሩና በቦዩ ግድግዳ መካከል ባለው ሰበቃ ጭምር እንደሚወሰን አሳየ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1896 የባለቤትነት መብት የወጣለት ሸንተረራማ የብረት ቱቦ ግን በዚህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አልተፈታም። ስስ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዚህ ቱቦ ባለ 1 ሜትር ዲያሜትር አንድ ሜትር ርዝመት 60 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት እኩያው ከ800 ይበልጣል። ታዲያ እንዴት ይሸከማል? መልሱን ስፓንግለር እ.ኤ.አ. በ1941 ሰጠ፤ ብረቱ ሲጫን በጎኑ ይለጠጣል፤ ጎኑ አፈሩን ይገፋል፤ አፈሩም መልሶ ይገፋዋል። ጭነቱን የሚሸከመው ቱቦውና አፈሩ ተደጋግፈው ነው። ስለዚህ በብረት ቱቦ ዙሪያ ያለው ሙሌት በስስ ንብብር፣ በግራም በቀኝም እኩል እየተጠቀጠቀ ካልተሞላ፣ የተገዛው ቆርቆሮ እንጂ ድልድይ አይደለም።

ይህ አፈር በአቃቂ ምን ዓይነት ነው? ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። በውስጡ ያለው ስሜክታይት የተባለ ሸክላ በንብርብሮቹ መካከል ውሃ እያስገባ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስከሚያስገባ ይሰነጠቃል። በላዩ የተጋደመ ግትር ቱቦ በየዓመቱ ሽቅብ ቁልቁል ይወዛወዛል፤ ኮንክሪቱ ባይሰበርም መጋጠሚያዎቹ ይከፈታሉ። በተከፈተው መጋጠሚያ ውሃ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ አፈሩ የበለጠ ያብጣል፤ መጋጠሚያውም የበለጠ ይከፈታል። ብረት በዚህ ረገድ ይታገሣል፤ ነገር ግን ጎኑን የሚደግፈው ጥቁር አፈር ከሆነ ድጋፉ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ስንጥቅ ነው። በእኛ አስተያየት በአቃቂ የቱቦው ዕድሜ የሚወሰነው በቱቦው ሳይሆን በአልጋው ነው። ጥቁሩ አፈር በበቂ ጥልቀትና ስፋት ተቆርጦ ወጥቶ በገረጋንቲ ወይም በሌላ የማያብጥ አፈር ካልተተካ ሁለቱም ይከሽፋሉ። ይህ የቁፋሮ ወጪ ከተቀበረ በኋላ የማይታይ በመሆኑ ዘወትር ለመቀነስ የሚያጓጓው እርሱ ነው።

ሌላው የአቃቂ ጉዳይ የውሃው ኬሚስትሪ ነው። አካባቢው የቆየ የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ትንሹ አቃቂም የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በብዛት የሚቀላቀልበት ወንዝ ነው። የብረት ቱቦን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ አሲድነት ባለው ፍሳሽ ቶሎ ይበላል፤ ጠጠር የሚያንከባልል ጎርፍ ደግሞ ወለሉን ይፍቀዋል። የብረት ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ከወለሉ ጀምሮ ነው። ኮንክሪትም አያመልጥም፤ ከቆመ ፍሳሽ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ተለውጦ ጣሪያውን ይበላል። የዝናብ ውሃ ብቻ ለሚያልፍበት መሥመር ብረት፣ ፍሳሽ ለሚቀላቀልበት ደግሞ ወፈር ያለ ኮንክሪት ብንመርጥ አንሳሳትም።

ደለልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲጨመሩ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ቱቦ እስከ ወገቡ በደለል ሲሞላ የሚቀረው ግማሽ ፍሰት አይደለም። ስፋቱ በግማሽ ከመቀነሱ በላይ ውሃው የሚታከክበት ገጽ አንጻራዊ ድርሻ ስለሚጨምር የሚያልፈው 36 በመቶ ብቻ ነው። የእኛ ባለ 2.4 ቱቦ 0.9 ሜትር ኩብ እንኳ በቅጡ አያሳልፍም ማለት ነው።

ተማሪዎች ይህን በሰፈራቸው ሊለኩት ይችላሉ። ጎርፉ ሙሉ በሙሉ ከጎደለ በኋላ በቱቦው አፍ ላይ ባለው ግንብ የጭቃና የላስቲክ ቁርጥራጭ መሥመር ይቀራል። መሥመሩ ከቱቦው አናት በላይ ከሆነና መውጫው ክፍት ከነበረ፣ ከአፉ መሐል እስከ መሥመሩ ያለውን ቁመት በሜትር ለክቶ በ19.6 ማባዛት፣ የውጤቱን ካሬ ሥር መውሰድ፣ ከዚያም በአፉ ስፋትና በ0.6 ማባዛት ነው፤ ያለፈው ፍሰት በሜትር ኩብ በሰከንድ ይገኛል። ተቀራራቢ ዝናብ በጣለባቸው ክረምቶች መሥመሩ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ከሄደ፣ በበጋ ቱቦው ደርቆ ሳለ ከአንዱ ጫፍ ጎንበስ ብሎ ወደ ሌላው መመልከት ነው። የብርሃኑ ክብ ሙሉ ከሆነ የጨመረው ከላይ የሚመጣው ውሃ ነው፤ ክቡ ከሥሩ ከተቆረጠ ግን ቱቦው በደለል ጠቧል፤ ፍሰቱም ከላይ ካገኘነው ያንሳል።