አምና የሠራ ፕሮግራም ዘንድሮ ለምን እምቢ ይላል?

ለእረፍት ቱም የገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቡና ቅጠል ዋግን ከፎቶ የሚለየውን የመመረቂያ ፕሮግራሙን ከፍቶ «አምና ይሠራ ነበር፣ ዘንድሮ እምቢ አለኝ» ቢላችሁ፣ ሰነፈ ብላችሁ አትቆጡት። ፕሮግራሙ የቆመው ሌሎች በጻፏቸው፣ «ላይብረሪ» በሚባሉ የትእዛዝ ስብስቦች ላይ ነው። እነሱ ሲታደሱ የልጁ ሥራ አንድ ፊደል ሳይነካ ይሰበራል። ሳይፓይ የተባለው ላይብረሪ በ1.2 እትሙ ፎቶ የሚከፍተውን ትእዛዝ ጨርሶ አስወጥቶታል።

ይህ እንኳ ደግ ነው፤ ስህተቱን ጮኾ ይናገራል። እኔን የሚያሳስበኝ ዝም የሚለው ነው። ልጁ በጠፋው ምትክ ኦፕንሲቪን ቢያስገባ ፎቶው ይከፈታል። ኦፕንሲቪ ግን ቀለሞቹን ከሰማያዊ ጀምሮ ይደረድራል፤ የቀድሞው ከቀይ ነበር የሚጀምረው። ብርቱካናማው ዋግ ለማሽኑ ሰማያዊ ይሆንበትና የታመመውን ቅጠል «ጤነኛ» ሊለው ይችላል። እኛ ነርሶች ስሙ አንድ፣ መጠኑ የተለያየ መድኃኒት የምንፈራው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ መልሳቸው በታወቀ ጥቂት የቅጠል ፎቶዎች ይፈትነው፤ ላቦራቶሪም እንዲሁ ነው የሚሠራው። አለዚያ የቀድሞውን እትም ኮምፒውተሩ ላይ ለብቻው ከልሎ ይጫን። ለዚህ ግን ግቢውን ሳይለቅ የእትሞቹን ቁጥር ጽፎ፣ ፋይሎቹንም በፍላሽ ይዞ ቢመጣ ይሻላል፤ ቱም ደርሶ ኔትወርክ ከሚለምን።