አንድ ግንድ፣ ሦስት መቶ ማንጎ

በሰሜን ህንድ፣ በማሊሃባድ ከተማ፣ ሐጂ ካሊም ኡላህ ካን የተባሉ አረጋዊ ችግኝ አፍይ በሥራቸው ታውቀዋል። ትምህርታቸውን በሰባተኛ ክፍል አቁመው ወደ ቤተሰባቸው ችግኝ ጣቢያ ገቡ። በወጣትነታቸው በአንድ ዛፍ ላይ ሰባት ዓይነት ማንጎ ቢያዳቅሉም ዛፉ ጠፋባቸው። እርሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ አሮጌ ግንድ ላይ ከ300 በላይ የማንጎ ዓይነቶችን አዳቅለዋል። የህንድ መንግሥትም በ2008 እ.ኤ.አ. ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጣቸው።

ይህ እንዴት ይሆናል? ብዙው የህንድ ማንጎ ከፍሬው ሲዘራ እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ከተመረጠው ዛፍ እንቡጥ ያለው ቀንበጥ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ከቅርፊታቸው ሥር ያለው አረንጓዴ ክፍል እርስ በርሱ ከተገጣጠመ በኋላ ውሃና አየር እንዳይገባ በላስቲክ ይታሰራል። ቁስሉ ሲሽር የግንዱ ሥር ይመግበዋል፤ ፍሬው ግን የቀንበጡ ዓይነት ነው።

እኛም በየማኅበረ ምእመናናችን ከዚህ እንማር። በጓሯችን ያለው አንድ ጣፋጭ ማንጎ ቢደርቅ ዓይነቱ አብሮት ይጠፋል። ቀንበጡን ለጎረቤቱ ያካፈለ ሰው ግን የራሱ ዛፍ ቢወድቅም ከጎረቤቱ መልሶ ያገኘዋል። ሆኖም እንጠንቀቅ፦ በ2010 እ.ኤ.አ. በወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ በችግኝና በቀንበጥ ይዛመታል። ስለዚህ ከንጹሕ ዛፍ ብቻ እንቁረጥ። ቀንበጥ የሰጠ ዛፍ አይደኸይም።